በር ዘጊው ሲራራ

በወገዳ አብዱረዛቅን የማያውቅ አልነበረም፤ ድምፁን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። ከአጎቱ በወረሰው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ይውላል። ደንበኛ ሲመጣ ይለካል፣ ልኩን በንጹሕ ፊደል ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፣ «ማክሰኞ ይደርሳል» ይላል። ከዚያ በላይ ቃል ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አብዱረዛቅ ጭራቅ ይሆናል።

ጨዋታውን የፈጠሩት እሱና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አዳነ ናቸው፤ መነሻቸው እንቆቅልሽ ነበር። ተጫዋቾቹ በልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ መንገደኛ ይሆናሉ። መንገደኞቹን የሚገጥማቸውን ክፉ ሁሉ የሚይዘው አብዱረዛቅ ነው። እሱ ክፉው ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ እነሱ ምን እንደሚመልሱለት ይናገራሉ። ሲያጠራጥር አምስት የባቄላ ክክ ይጣላል። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ክክ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ከወደቀ መንገደኛው አሸነፈ፤ ካነሰ ክፉው አሸነፈ። የተሸነፈ ሀገር ይሰጣል። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በሣሉት ካርታ፣ በበሽሎ ቆላ ያሉ ሰባት መንደሮች እንዲህ እያሉ በክፉው እጅ ገብተዋል።

የክፉዎቹ አለቃ በር ዘጊው ይባላል። ሰው ቤት ይገባና በሩን ከውስጥ ዘግቶ በለሆሳስ «አጥብቀህ የምትፈራው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ያልመለሰ ድምፁን ይቀማል። አብዱረዛቅ በዚያ ድምፅ ሲናገር አዳነ እንኳ በርጩማውን ወደ ኋላ ይስብ ነበር።

አንድ እሑድ የቀበሌ ጥበቃ በሩን አንኳኳ። ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነውና ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያስጠይቃል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ጭራቅ እየገደልን ነው፣ ጓድ» አለ አዳነ።

«የምን ጭራቅ?»

«ሰባት መንደር ለብቻው የያዘ ነው።»

ጥበቃው ጥቂት አሰበ። «ፊውዳል ነዋ! በሉ ግደሉት፤ ግን ድምፅ ቀንሱ።»

ሀሊማ የመጣችው ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ነው። በሩ ሲንኳኳ አብዱረዛቅ የዘገየችው ተጫዋች ውዴ መሰለችው። ቀና ሳይል በበር ዘጊው ድምፅ፦

«ሳይጠራ የመጣው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ። ቀሚሴን ልወስድ ነው።»

ቀና ሲል የጨው ነጋዴው የጋሼ ጁነይዲ ልጅ ደፉ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ላይ ምንም ፍርሃት የለም። አብዱረዛቅ የራሱን ድምፅ ቢፈልገው አጣው፤ ያገኘው የበር ዘጊውን ብቻ ነው።

«ቀሚሱ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ልበሰውና ልይህ» አለች።

አዳነ ከበርጩማው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። አብዱረዛቅ ቀሚሱን አጣጥፎ ሰጣት። ሀሊማ ቀሚሷን ተቀብላ ልትሄድ ስትል ካርታውን አየች። «ይሄ መንደር ለምን ጠቆረ?» ብላ ጠየቀች። አስረዷት። ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የቀረችበት እሑድ የለም።

ሀሊማ ቆላውን የምታውቅ መንገድ መሪ ሆነች። ሌሎቹ ሲሸሹ እሷ ክፉውን ታናግረዋለች፣ ትከራከረዋለች፣ አንዳንዴም ታሳፍረዋለች። በወር ውስጥ ሁለት መንደር አስመለሰች። ሲሸነፍ እንዲህ ደስ የሚለው ክፉ ወገዳ አይታ አታውቅም።

«ለመሆኑ ለማን ታደላለህ?» አለችው አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ሲወጡ ሻሿን እያስተካከለች።

«ለማንም። ክፉውን የያዘ ሰው ካዳላ፣ ያሸነፈ ሁሉ አሸነፍኩ ማለት አይችልም።»

ይህን የተናገረው በራሱ ድምፅ ነበር። ሁለቱም ዘግየት ብለው አስተዋሉት። እሷ ፈገግ አለች፤ እሱ መቀሱን አነሣ፣ የሚቆርጠው ነገር ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ውዴ ወሬ ይዛ መጣች። የሀሊማ ጎረቤት ናትና ከቤት የወጣ ወሬ መጀመሪያ እሷ ጋ ይደርሳል።

«እስቴ ውስጥ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው ለሀሊማ ሽማግሌ ልኳል። እናቷም አክስቶቿም ጨርሰዋል። ጋሼ ጁነይዲ ብቻ ‹ልጄን ሳልጠይቅ አልሰጥም፤ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ መልሷን ትንገረኝ› ብለዋል።»

«እሷ ምን ትላለች?» አለ አዳነ።

«እምቢ ለማለትም ምክንያት ያስፈልጋላ!» አለች ውዴ፣ አብዱረዛቅን እያየች። እሱ መርፌ ላይ ክር ይሰካ ነበር። ክሩ ሦስቴ ሳተው።

እሑድ ደረሰ። ሀሊማ ከሌሎቹ ተለይታ ወደ በር ዘጊው ቤት ብቻዋን ገባች፤ የተቀሙት ድምፆች ሁሉ የታሰሩት እዚያ ነበር። አብዱረዛቅ መስኮቱን ገርበብ አደረገና ጥያቄውን በለሆሳስ ሊጀምር ሲል፣ እሷ ሳትጠየቅ ሾልካ እንደምትወጣ ተናገረች። ይህ ክክ የሚያስጥል ነው። አምስቱን ክክ በመዳፏ አንቀጥቅጣ ጣለች።

አንድ ብቻ።

መንገድ መሪዋ አለቀላት። አብዱረዛቅ አፉን ከፈተ፤ «በሩ ተዘጋ» ሊል ነበር። ፊቷን አየና ዓርብን አሰበ።

«በር ዘጊው ዛሬ ደክሞታል» አለ። «በሩን ሳይዘጋ ረሳው። ውጪ።»

ሀሊማ ክኮቹን አንድ በአንድ ለቀመች።

«ባለፈው ውዴ ሁለት ክክ ብቻ ሲወጣላት ድምፅዋን አልቀማሃትም?»

«ቀምቻታለሁ።»

«አዳነንስ በሦስት እሑድ ሁለቴ ገደል አልከተትከውም?»

«ሦስቴ ነው» አለ አዳነ።

«እንግዲያ እኔ ላይ እጅህ የዛለው ለምንድን ነው? አሳዘንኩህ?»

ሀሊማ ተነሣች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ቤት የሚያዝንልኝ ሞልቷል። ‹ለእሷ ይሻላታል› እያሉ ሁሉን ጨርሰውልኛል። እዚህ የምመጣው የምር የሚገጥመኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።»

በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

«አሁን ገና ገደል ገባህ» አለ አዳነ።

አብዱረዛቅ ሦስት ቀን መኪናውን አልነካም። ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር፤ ልብስ ሰፊ በገበያ ቀን ሱቁን አይዘጋም። እሱ ግን ዘጋ። በጨው ተራ አልፎ፣ ሰላምታ ለሚሰጡት ሁሉ ድምፅ አውጥቶ እየመለሰ፣ ወደ ጋሼ ጁነይዲ ሱቅ ገባ። ከባንኮኒው ጀርባ ሀሊማ ለአንዲት ባልቴት ጨው እየመዘነች ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ልስጥህ?»

«ጥፋቴን ልናገር ነው የመጣሁት። ክኩ አንድ ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ አንቺም ውስጥ ነሽ። ያዘንኩት ለአንቺ አይደለም፣ ለራሴ ነው።»

ሀሊማ ሚዛኑን አቆመች። ሊቆጣ የነበረው ፊቷ ተለወጠ።

«እንግዲያው በር ዘጊው ይጠይቀኝ» አለች።

አብዱረዛቅ በሰው መሀል በበር ዘጊው ድምፅ ጠየቀ፦ «አጥብቀሽ የምትፈሪው ምንድን ነው?»

«የመረጠች ሳትሆን የተመረጠላት ሆና የኖረች ሴት መሆንን። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ‹እኔ ምን ፈልጌ ነበር?› ስል መልሱን መርሳቴን።»

«እውነት ነው። በሩ ተከፈተ።»

«አሁን እኔ ልጠይቅ። በራስህ ድምፅ ነው የምትመልሰው፤ የክፉውን አልፈልግም። አንተስ የምትፈራው?»

«ስናገር የሚስቅብኝን ሰው።» ባልቴቷን በጎን አየ፤ አልሳቁም። ቀጠለ። «ግን ያንቺ መሄድ ከዚያ ይብሳል። እወድሻለሁ፣ ሀሊማ። ላገባሽ እፈልጋለሁ። እምቢ ካልሽም እምቢ በዪኝ፤ በራስሽ አፍ ልስማው። መጀመሪያ የምጠይቀው አንቺን ነው፣ ከዚያ አባትሽን።»

ሀሊማ የሚዛኑን ድንጋይ አነሣች፣ መልሳም አስቀመጠችው።

«መልሺለት እንጂ ልጄ!» አሉ ባልቴቷ። «ጨው ይዤ እስከ መቼ ልቁም?»

«አብዱረዛቅ» አለች ሀሊማ፣ «በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ቀሚስ አምጥቼልሃለሁ። ጠርዙ እንዴት እንደተፈታ አላየህም?»

«ክሩ በመቀስ የተቆረጠ ነበር።»

«አይተሃል?»

«ሦስቱንም።»

«አይተህ ነው ዝም ብለህ የሰፋኸው!»

ባልቴቷ ሳቁ። ከጓዳውም አንድ ከባድ ሳል ተሰማ። ጋሼ ጁነይዲ የጨው ዱቄት ያረፈበት ኮታቸውን እያራገፉ ወጡ። እዚያው እንደነበሩ ግልጽ ነው። አብዱረዛቅ ከባንኮኒው አልራቀም።

«የእስቴው ሰው ያስጠየቀው በሽማግሌ ነው» አሉ። «አንተ በገበያ ቀን፣ በጨው ሚዛን ላይ ነው እንዴ ልጅ የምትጠይቀው?»

«ሽማግሌ እልካለሁ፣ ጋሼ። እሷ የማትፈልገኝ ከሆነ ግን ሽማግሌዎቹን በከንቱ ማድከም አልፈለግሁም።»

«እስቴ ያለው ሱቅ ካንተ ጋር አይወዳደርም።»

«አይወዳደርም። እኔ ያለኝ አንድ መኪናና ሁለት እጅ ነው።»

ጋሼ ጁነይዲ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቀጠሮሽ ነገ ነበር።»

«ነገን ለምን እጠብቃለሁ፣ አባ? የእስቴው ሰው ክፉ አልወጣውም፤ በክብር መልሱልኝ። እኔ አብዱረዛቅን እፈልጋለሁ። ሰው አዝኖልኝ አይደለም፣ እኔም ለማንም አዝኜ አይደለም።»

ጋሼ ጁነይዲ የሚዛኑን ድንጋይ ከልጃቸው እጅ ተቀብለው፣ የባልቴቷን ጨው ራሳቸው ሊመዝኑ አጎነበሱ።

«እናትሽን እኔ አናግራታለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንተም ሽማግሌዎችህን ቅዳሜ ላክ። አሁን ሸኚው። በጓሮ አይደለም፣ በገበያው መሀል፤ ሰው ሁሉ ይይ።»

ሀሊማ ሻሿን አጠበቀችና ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች።