የተቆረጠው መስመር

«መስመሩ ለምን እዚህ ጋ ይጀምራል?» አለ የያሬትሲ አባት፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ያሬትሲ ቀና አለች። ለነገው የትምህርት ቤት ውድድር እሷና ጓደኛዋ ኤሌአሳር የሠሩት ትልቅ ወረቀት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ሞልቶታል። የሁለት አገሮች የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ ማለትም የዓመቱ ገቢ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የሚደርሰው፣ በመስመር ተሥሏል፤ አረንጓዴው የሜክሲኮ፣ ቀዩ የጃፓን። በ1995 ሁለቱንም መቶ ብለው ስለጀመሯቸው ከአንድ ነጥብ ይነሣሉ። ከዚያ አረንጓዴው ሽቅብ ይወጣል፤ ቀዩ ከሥሩ ያዘግማል።

«ቁጥሩስ ከ1950 ጀምሮ አለ። ከዚህ እንጀምር ያለው ኤሌአሳር ነው» አለች። «አየህ አባዬ፣ ጃፓንን ጥለናት ሄድን!»

አባቷ ሣቀ። «ጃፓንን? የእኔ ዓመትስ የታል? ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሦስት?»

«እሱ አልገባም።»

«ያኔ ልክ እንዳንቺ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የገንዘባችን የፔሶው ዋጋ ወደቀ። አባቴ የጭነት መኪናውን ሸጠ፤ እኔም ትምህርቴን ትቼ ጎማ ቤት ገባሁ። ለአንድ ወር ብቻ ነው የተባልኩት።»

 ፀጉሯን ዳበስ አድርጎ ወደ ጎማ ሥራው ተመለሰ።

ያሬትሲ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። በ1950 ሜክሲኮ ከጃፓን ትንሽ ትበልጣለች። ከዚያ ጃፓን ታልፋታለች፤ አልፋም ትርቃለች። በሰማንያዎቹ አረንጓዴው መስመር ይንገዳገዳል። 1995 ራሱ ደግሞ የአገሩ ገቢ የወደቀበት ዓመት ነው። ከጉድጓድ ሥር ከጀመሩት ምኑ ሽቅብ አይመስልም?

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ኤሌአሳር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የዘረጋችለትን አዲስ ወረቀት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አደረግሽ? አለቀልን በቃ! የኔ ላይ አንድም የውሸት ቁጥር የለም እኮ።»

«የለም። ግን የሚያየው ሰው ይታለላል።»

«ያሬ፣ ያሸነፈ ዋና ከተማ ይሄዳል።»

ታውቃለች። እናቱ እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ እሱ ከአክስቱ ጋር ነው የሚኖረው። ካለፈው ዓመት የገና በዓል ወዲህ ከእናቱ ጋር አልተያዩም።

«እኔ ስለ ሽልማቱ መሰለሽ?» አለ።

ያሬትሲ ወረቀቱን መልሳ ልትጠቀልለው ምንም አልቀራት። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የሁለታችን ሥራ ነው። አንተ ካልፈለግክ አዲሱን አልሰቅለውም» አለች። «በድሮው ላይ ግን እኔ ቆሜ አላስረዳም። ይቅር በለኝ።»

 ኤሌአሳር አዲሱን ወረቀት ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። «ይሄ አላለቀም እንዴ?»

«ከ2008 ወዲህ ያለው ይቀራል። አንተ በየአምስት ዓመቱ ዘልለህ ነበር፤ እኔ በየዓመቱ ነው የሄድኩት። ጊዜ አልበቃኝም።»

አረንጓዴውን እስክሪብቶ አነሣና ቁጥሩን ተመለከተ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«2009» አለ። «ይወርዳል።»

«አዎ።»

«እናቴ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ የተዘጋው ያኔ ነው። ወደ ዋና ከተማ የሄደችውም ያኔ ነው። ዐሥር ዓመቴ ነበር።»

 ግቢው ውስጥ ልጆች ጠረጴዛ እየጎተቱ ይንጫጫሉ።

«ልሥልልህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ተይው፤ እኔ ልሥለው።»

መስመሩን ቁልቁል አወረደው። ከሥሩ ዓመቱን በጉልህ ጻፈ። መምህርት ኦፌልያ «ያልሰቀላችሁ ቶሎ በሉ!» ስትል የአዲሱን ወረቀት አንድ ጫፍ ለያሬትሲ ሰጣትና ተነሡ።