ያልደረቀ ቀለም

ጋሽ ኦይታ የሞቱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ራሳቸው ባቋቋሙት የጨንቻ ንባብ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ጽጌሬዳ ናት። ጽጌሬዳ ንባብ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያለ ደመወዝ መጻሕፍቱን የምትጠብቅ ሴት ናት። የወላጆች ስብሰባ አልቆ ሰዉ ሲበተን ልትቀሰቅሳቸው ሄደች። የጓዳውን በር ስትገፋው ትንሽ ተከፍቶ አልሄድ አለ። ከውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተደግፎታል። በክፍተቱ አጮልቃ ስታይ ከወለሉ ላይ ሽበት አየች።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ብዙ አልተቸገረም። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ቀላ ብሏል፤ ከጓዳው ጥግ አመድ የለበሰ የከሰል ማንደጃ አለ፤ ብቸኛዋ መስኮት በላስቲክ ተሸፍናለች። «የከሰል ጢስ ነው» አለ። በጨንቻ ብርድ እንዲህ ያለ ሞት አዲስ አይደለምና ሰዉ አደጋ ነው ብሎ አለቀሰ።

ልጃቸው አቢጋኤል ግን አልተዋጠላትም። «አባዬ ለጎረቤት ሁሉ ከሰል ይዛችሁ አትተኙ ሲል የኖረ ሰው ነው» ብላ አርባ ምንጭ ወደሚገኘው ፖሊስ ደወለች።

እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ዋና ኢንስፔክተር ሙባረካ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥታ ጨንቻ ገባች። ሙባረካ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ፣ ከአባቷ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ያደገች ናት። ሰው ሲናገር ከአፉ ይልቅ እጁን ታያለች። ጉሙ መንገዱን ስለዘጋው አርፍዳ ነበር የደረሰችው፤ የሚጠጣ ነገር ቢያቀርቡላትም «መጀመሪያ በሩን» አለች።

ጽጌሬዳ ከአዳራሹ ጎን ባለችው አጭር ኮሪደር ይዛት ሄደች። የጓዳው በር የእንጨት ነው፤ በቅርቡ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

«ስትገፊው ተቆልፎ ነበር?»

«አልነበረም። እጀታውን ሳዞረው እሺ አለኝ። ከበሩ ሥር ወድቀው ስለነበር ነው ያልተከፈተው። ታዴዎስን ጠርቼ አብረን ገፋነው።»

«ቁልፉስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ይኸው ሚስማሩ ላይ። ማንም አይነካውም። ‹መጽሐፍ የሚሰርቅ ካለ ይስረቅ፣ ያነበዋል› ይሉ ነበር ጋሽ ኦይታ።» ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ገብቼ ባያቸው ኖሮ በሕይወት ነበሩ። አስቤ ነበር እኮ! ቃለ ጉባኤ ያዢ ተባልኩና ተቀመጥኩ።»

ሙባረካ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና ተንበረከከች። ከጉሙ የተነሣ ቀለሙ በደንብ አልደረቀም። በውስጠኛው ገጽ ላይ ክብ ክብ የሆኑ ስርጉድ ምልክቶች አሉ። ከደረት ከፍታ ይጀምሩና ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ከጉልበት በታች ናቸው፤ ደብዝዘዋል። ሐኪሙ በስልክ የነገራትን አስታወሰች፤ የሟቹ የቀኝ እጅ ጣት አንጓዎች ተልጠዋል፣ አረንጓዴ ነገርም ይዘዋል። ሐኪሙ ሲወድቁ የተላጡ መስሎት ነበር።

ስትወጣ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ጥርሱን አየች፤ ምንም ሳትናገር በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«የትናንቱ ስብሰባ ስለ ምን ነበር?» አለች።

«የልጆቹን ክፍል ለፈተና መዘጋጃ የኮምፒውተር ክፍል እናድርገው የሚል ነው። ሐሳቡ የመምህር ክብሩ ነው፤ የበጎ ፈቃደኞቹ ሰብሳቢ። ጋሽ ኦይታ አልፈለጉም። ሕፃናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በጋሞኛ ተረት የሚያነቡበት ሌላ ቦታ የላቸውም።»

«ጋሽ ኦይታ ስብሰባው ላይ ቢነሱ ኖሮ?»

«እሳቸው ከተነሱ ማን እምቢ ይላቸዋል? እዚያ ከተቀመጠው ወላጅ ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸው በሌሉበትስ?»

«ጸደቀ።»

አናጢው ታዴዎስ ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ መጋዙን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር እንጂ እየሠራ አልነበረም። የንባብ ቤቱን መደርደሪያ ሁሉ በነጻ የሠራው እሱ ነው። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ብድግ አለ።

«መስኮቱን ላስቲክ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ ሳትጠይቀው። «መጻሕፍቱ በርጥበት እየሻገቱ አስቸገሩን። አየር መግቢያ እንኳ አልተውኩም። እሰሩኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ቁጭ በል። በሩን የቀባኸውም አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ረቡዕ ለታ። በችኮላ የቁልፉን ቀዳዳ ጭምር ቀብቼ ደፈንኩት። ጽጌሬዳ ስትስቅብኝ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ የቆለፈው ሰው አለ?»

«ማን ይቆልፈዋል? ቀዳዳው እኮ ድፍን ነው።»

ሙባረካ ዓይን ዓይኑን አየችው። እውነቱን ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ሐዘን እንጂ ፍርሃት የለም።

«በስብሰባው መሀል ምንም አልሰማህም?»

ታዴዎስ አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ። ልጆቹ መዘመር ሲጀምሩ ድብ ድብ የሚል ነገር ነበር። ጎረቤት ጣሪያ የሚጠግን መስሎኝ... መዶሻ ሲመታ መስማት ለእኔ ምን አዲስ ነው?» መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠው። «እሳቸው ነበሩ እንዴ?»

ሙባረካ ወደ ጽጌሬዳ ቤት አመራች።

ዕድላዊት አርባ ምንጭ የምትማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናቱ ልታነብ ዳገቱን በሚኒባስ ትወጣለች። ከቅዳሜ ወዲህ ወደ ታች አልተመለሰችም፤ ጽጌሬዳ ቤት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማንደጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጠዋት አንድ ሕፃን አተኮሰውና ጋሽ ኦይታ ቡሉኳቸውን አልብሰው ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ሰደዱት። ከዚያ ‹ትንሽ ጋደም ልበል፣ ለስብሰባው ቀስቅሺኝ› ብለውኝ ገቡ። ስመለከታቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ይንቀጠቀጣሉ። ሻይ ያፈላንበት ከሰል አመድ ለብሶ ነበር፤ ጢሱ የወጣለት መስሎኝ ለሙቀት ያህል ብዬ...»

«መምህር ክብሩ ያን ጊዜ ነበሩ?»

«አልነበሩም። እሳቸው የመጡት ወላጆች ሲገቡ ነው፤ ጋሽ ኦይታ ጓዳ ተኝተዋል አልኳቸው።»

«ቀስቅሺኝ ተብለሽ ለምን አልቀሰቀስሽም?»

«ልሄድ ተነሥቼ ነበር። መምህር ክብሩ ‹ተዪአቸው፣ አሁን አይቻቸው ነው የመጣሁት፤ ቡሉኳቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው ተኝተዋል› አሉኝ። እኔም...» ቃሏን ሳትጨርስ ቀና አለች። ሙባረካ ግን ልጅቷ አስባ እስክትጨርስ አልጠበቀችም።

«ልጆቹ የዘመሩት ፕሮግራም ላይ ስለነበረ ነው?»

«አይደለም። መምህር ክብሩ በመሀል ድንገት ተነሥተው ነው ዘምሩ፣ ጮክ ብላችሁ አጨብጭቡ ያሏቸው። እሳቸው ግን ወጡ። ውሃ ሊጠጡ መሰለኝ።»

መምህር ክብሩ የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነው። ኢንስፔክተሯን በሥርዓት ተቀብሎ ወንበር ሳበላት። ጢሙን አልተላጨም።

«እኔም ከበደሉ ነጻ አይደለሁም» አለ። «እንዳይቀሰቅሷቸው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደክሟቸው ነበር፤ ይረፉ ብዬ ነው።»

«ገብተው አዩአቸው?»

«በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ።»

«ማንደጃ ነበር?»

«አላየሁም።»

«ምን ለብሰው ነበር?»

«ቡሉኳቸውን፤ ያው እንደ ሁልጊዜው።»

ሙባረካ አመስግናው ወጣች። የክብሩ እጆች በንግግሩ ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አምስቱን በአዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አቢጋኤል ጥቁር ለብሳ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሙባረካ አልተቀመጠችም።

«ከትናንት ጀምሮ ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው› ይለኛል» አለች። «አንዱ መስኮት ደፈንኩ ይላል፤ አንዷ ከሰል አስገባሁ ትላለች፤ አንዷ ገብቼ አላየሁም ትላለች። እውነት ነው፣ ጓዳውን መቃብር ያደረጉት ላስቲኩና ከሰሉ ናቸው። ነገር ግን ጋሽ ኦይታ ተኝተው አልሞቱም። ነቅተዋል። ራሳቸው እየዞረ እስከ በሩ ደርሰዋል። አንኳኩተዋል። ቀለሙ አልደረቀምና የጣታቸው አንጓ በሩ ላይ ታትሟል፤ መጀመሪያ ቆመው፣ በኋላም ወድቀው።»

አቢጋኤል አፏን በእጇ ያዘች።

«እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እጀታ ያለው በር ላይ የደረሰ ሰው እጀታውን በማዞር ፋንታ ለምን ያንኳኳል?»

«ተቆልፎ!» አለ ታዴዎስ፤ ብድግ አለ። «ግን ቀዳዳው...»

«ረቡዕ ደፍነኸዋል። ዛሬ ክፍት ነው።» ሙባረካ ቁልፉን ከወረቀቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በጥርሶቹ መሀል አረንጓዴ ቀለም ተጠቅጥቋል። «ከረቡዕ በኋላ አንድ ሰው ይህን በር ቆልፏል። ጽጌሬዳ ስትደርስ ግን አልተቆለፈም። ስለዚህ ያው ሰው በኋላ መልሶ ከፍቶታል፤ ገፍቶ ግን አላየም። ቢገፋው አስከሬኑ ያግደው ነበር፤ እሱም ይጮህ ነበር። ቁልፉን ብቻ አዙሮ ሄደ።»

ሙባረካ እጆቻቸውን አንድ በአንድ አየች።

«ታዴዎስ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው ድፍን ነው ብሎ መረጃውን በገዛ አፉ ባልሰጠኝ። ጽጌሬዳ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ከወንበሯ አልተነሣችም። ዕድላዊት ልቀስቅሳቸው ብላ ተነሥታለች፤ የቆለፈ ሰው ሊቀሰቅስ አይነሣም። ያስቀመጣት ሰው ግን ነበር። አይቻቸዋለሁ፣ ቡሉኳቸውን ተከናንበዋል አላት። ለእኔም ደገመልኝ።» ወደ ክብሩ ዞረች። «መምህር፣ የጋሽ ኦይታ ቡሉኮ ቅዳሜ ጠዋት የታመመ ሕፃን ለብሶት ሄዷል። እስከ አሁን ድረስ እነሱ ቤት ነው። እርስዎ በሩን ከፍተው አላዩም። ዕድላዊት እንዳትሄድ ነው የዋሹት፤ ከሄደች በሩ መቆለፉን ታውቃለችና። ከዚያ ማንኳኳቱ ሲጀምር ልጆቹን ዘምሩ አሉ።»

ክብሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ማንደጃ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ።

«አምናለሁ። እሱን ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ለምን ቆለፉባቸው?»

«ለአንዲት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።» አለ ክብሩ። «ስብሰባው እስኪያልቅ። ለዚህ ነገር ስንት ደክሜበታለሁ! በዚህ ከተማ እኔ ማታ ማታ አስጠንቼ ያሳለፍኳቸው ልጆች አሉ። ግን እሳቸው ከተነሡ ሁሉም እኔን ይረሳል። አንዴ እንኳ እኔ ልደመጥ አልኩ። ሲያንኳኩ ሰማሁ። ልጆቹን አስዘምሬ ወደ ኮሪደሩ ሄድኩና በሩ አጠገብ ቆምኩ። ድምፅ እስኪሰጥ ብቻ፣ ከዚያ ከፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። ማንኳኳቱ ቆመ። ሲቆም...» ለመጨረስ ታገለ። «ሲቆም ደስ አለኝ። ተስፋ ቆርጠው ተመልሰው የተኙ መሰለኝ። ስብሰባው ሲያበቃ ቁልፉን አዞርኩ። ዓይናቸውን ማየት አፍሬ አልገባሁም።»

ታዴዎስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕድላዊት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። አቢጋኤል ግን ተነሥታ ወደ ክብሩ ተጠጋች። ትመታዋለች ብላ ጽጌሬዳ ልትይዛት እጇን ዘረጋች።

«አባዬ ምን አለ?» አለች አቢጋኤል። «በሩ አጠገብ ከቆምክ ሰምተሃል። ምን አለ?»

ክብሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ለቀቀ።

«ስሜን ጠሩ።»

«አንተ መሆንህን አውቆ ነበር?»

«አላወቁም። ማን እንደቆለፈው አላወቁም።» እንባው ወረደ። «መጀመሪያ ‹የሰው ያለህ› አሉ። ከዚያ ‹ክብሩን ጥሩልኝ› አሉ። ‹ክብሩ ይምጣ፣ እሱ ይከፍትልኛል› አሉ።»

አቢጋኤል ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

ሙባረካ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችውም። «ይቅደሙ» አለችው፤ ተከተለችው።

ግቢው ውስጥ ልጆች ሞልተዋል። ከትምህርት ቤት ወጥተው ቀጥታ መጥተዋል፤ ንባብ ቤቱ መዘጋቱን የነገራቸው የለም። ክብሩን ሲያዩ እንደ ለመዱት ግራና ቀኝ ቆመው መንገድ ከፈቱለት።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ክብሩ ቆመ። ሁሉም መልስ ይጠብቃሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ እስከ ፖሊስ መኪናው ድረስ በመሀላቸው አለፈ።