የባልዲዎቹ ፎቶ

«ትንሽ ራቅ በይ፤ ሦስቱም ባልዲዎች መታየት አለባቸው» አለ አባቷ፣ ከባልዲዎቹ ኋላ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ሚጡ በእሱው ስልክ ፎቶውን አነሳች። እንደ ልማዷ ወደ ፋብሪካው ግሩፕ ልትልክ ስትል ግሩፑ የለም። ወደ ላይ ፈለገች፣ ወደ ታች ፈለገች። በመጨረሻ «ከግሩፑ ተወግደዋል» የምትል አጭር መልእክት አገኘች። ያለፈው ሳምንት ነው የተላከችው።

ክው ብላ ቀና ስትል ከአባቷ ዓይን ጋር ተገጣጠመች። እናቷ ወጥ ቤት ሆና ሰሃን እያለቀለቀች ነበር።

«ተላከ?» አለ አባቷ፣ ድምፁን ከወትሮው ከፍ አድርጎ።

እንዲያው ምን ይባላል? አፉ ስለ ፎቶው ይጠይቃል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ይለምናታል። «ተልኳል» አለች።

የፎቶው ነገር የመጣው ከፋብሪካው ነው። አባቷ በጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ይሠራል። እዚያ ውሃ ዝም ብሎ አይደፋም፤ አንዱ ጨርቅ በመጨረሻ የተለቀለቀበት ውሃ ለሚቀጥለው ጨርቅ መጀመሪያ ይሆናል። አለቆቹ ታዲያ ሠራተኛው ይህን ልማድ ቤቱም ይውሰደው፣ በየሳምንቱም ፎቶ ይላክልን አሉ። ሌላው ሠራተኛ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል የሚጡ አባት ሦስት ባልዲ ገዝቶ ከች አለ። ሰሃን የተለቀለቀበት ውሃ አንደኛው ባልዲ ይገባል፣ ካልሲ ይዘፈዘፍበታል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ተገልብጦ ወለል ይወለወልበታል። የተረፈው በሦስተኛው ባልዲ ሽንት ቤት ይወርዳል።

እናቷ መጀመሪያ ላይ ወገቤን ብላ ነበር። ሰውዬው ቤቴን ፋብሪካ አደረገው እያለች ታማርራለች፣ በጠዋት በተደናቀፈቻቸው ቁጥር ደግሞ ባልዲዎቹን «የእንጀራ ልጆቼ» ትላቸዋለች። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ሲሠራ አንድም ቀን «ጎበዝ» ያለው አለቃ አልነበረም። አርአያ ቤተሰብ ተብሎ ፎቶው የፋብሪካው በር ላይ በትልቁ ሲለጠፍ አረማመዱ ሳይቀር ተቀየረ። ራት ላይ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር፣ የታደለ።

ፎቶውን ባነሳች ማግስት አባቷ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ እንደ ሁልጊዜው ወጣ። ሚጡ ሮጣ መታጠፊያው ላይ ደረሰችበት።

«አባዬ፣ ከግሩፑ አስወጥተውሃል።»

ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። አዲስ ማሽን መጥቷል። አንድ ሰው ቁልፍ ከተጫነለት ይበቃዋል፤ የቀሩት የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች ተመስግነው ተሰናበቱ። ሲናገር አልተቆጣም፣ ማንንም አልረገመም። አንጀቷን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

«ጥሩ ማሽን ነው» አለ። «ውሃ አያባክንም።»

ታዲያ የት ነው የምትውለው ብላ ጠየቀችው። ጠዋት ጠዋት በየፋብሪካው ሥራ እንደሚጠይቅ፣ ሽበቱን እያዩ ሌላ ጊዜ ተመለስ እንደሚሉት፣ ከሰዓት ሠራተኛው እስኪወጣ መናፈሻ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ነገራት። «ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ። ሥራ እስካገኝ ነው» አለ። «እስከዚያ ፎቶዋን አንሺልኝ፣ ልጄ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው የሚጡን ውሸት አልተሸከማትም። ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገዷ በፋብሪካው በር ነው፤ አባቷ ከተለጠፈው ፎቶ ላይ፣ በተተኮሰ ሸሚዝ ከሦስት ባልዲ ኋላ ቀጥ ብሎ ያያታል። አብራት የምትሄደው ጓደኛዋ «ፋዘርሽ እኮ ሴሌብሪቲ ሆነ» ብላ አሾፈችባት። ሚጡ አብራት ሳቀች። ትምህርት ቤት እንደደረሰች ግን ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። አባቷም ከቀን ወደ ቀን እያነሰ የሚሄድ መሰላት፤ ቱታው ሰፍቶታል።

የፎቶው ቀን ደረሰ። አባቷ ባልዲዎቹን ደርድሮ ሲጨርስ እናቷ ከመኝታ ክፍል ወጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ለክት ያለችውን ቀሚስ ለብሳለች። መጥታም ከባሏ ጎን ቆመች። ለካ ትናንት በፋብሪካው በር በአውቶቡስ ስታልፍ የተለጠፈውን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አይታው ኖሯል፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴትዮም ያ ባሌ ነው ብላ አሳይታታለች።

«ሚስት የሌለው ይመስል ብቻውን ለጥፈውታል» አለች። «ዛሬ እኔም አለሁበት።» እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን የእንጀራ ልጆች በከንቱ ነው የጠላኋቸው።»

ሚጡ አነሳቻቸው። ፎቶው ላይ እናቷ ትስቃለች። አባቷ አይስቅም።

«በይ ላኪዋ» አለች እናቷ። «አለቆቹ ይዩኝ።»

አባቷ በዚያ በሚለምን ዓይኑ ሚጡን አያት። «ተልኳል» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ነበረች፣ ከአፍ ለመውጣት ምንም አትከብድም። ዛሬ ብትላት ግን እናቷ ነገ ምን አሉ ብላ ትጠይቃለች፤ ከነገ ወዲያ የራሷን ፎቶ ፍለጋ ፋብሪካው በር ትሄዳለች፣ በዚያች በክት ቀሚሷ። ሚጡ ባልዲዎቹን ዞራ ሄደችና ስልኩን አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቹንም በላዩ ላይ አጠፈችለት።

«አባዬ፣ አንተ ላከው» አለች ቀስ ብላ።

አባቷ ስልኩን አየው፣ አየውና ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። እናቷ ሳቋን ገና ሳትሰበስብ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጇን ታያለች።

«ምነው፣ ኔትወርክ የለም እንዴ?» አለች።

ሚጡ ወደ ክፍሏ መግባት ትችል ነበር። አልገባችም። ወለሉ ላይ፣ ከአባቷ እግር አጠገብ ተቀመጠችና እስኪናገር ጠበቀችው።