የባቡር ጣቢያዋ ሴትዮ

«የምትደብቂኝ ነገር አለ?» አለችኝ እማዬ፣ ሰኞ ማታ ሳህን እያጠበች፣ ዞር እንኳን ሳትል። «ምንም የለም» አልኳት። እና እዚህ ጋ ልንገራችሁ፣ እኔ በመንፈስ፣ በምልክት፣ በህልም ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰው እንደዚህ ዓይነት ወሬ ሲጀምር ስልኬን ነው የማወጣው፣ ይሰለቸኛል። ስለዚህ እንደሆነው ነው የማወራችሁ፣ ካላመናችሁኝም አልፈርድባችሁም።

የደበቅኳት ነገር ነበር። ታናሽ ወንድሟ ጌታቸው አዲስ አበባ ሞቷል። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም፣ ምክንያቱም ጋሽ ሙሉጌታ፣ እዚህ ውጭ አገር ያሉት ትልቁ ዘመዳችን፣ «ደም ግፊት አለባት፣ መርዶው ቅዳሜ ሲነጋጋ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል፣ እስከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁኚ» ብለውኛል። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ደንዉዲ የምትባል ከተማ ውስጥ አብሬያት የምኖረው እኔ ስለሆንኩ ስልኳን እየወሰድኩ ፎቶውን ከሻማ ጋር የለጠፉትን ዘመዶች አንድ በአንድ ብሎክ አደረግኩ፣ የላኩላትን መልእክት ዴሊት አደረግኩ፣ ጌቱ አላነሳ ሲላት ደግሞ «ስልኩ ተበላሽቷል አሉ» አልኳት። አላለቀስኩም። ኦነስትሊ ምንም አልተሰማኝም፣ ጥርስ ሐኪም ቤት መርፌ የተወጋ ድድ ታውቃላችሁ አይደል፣ ልክ እንደሱ።

ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት፣ የምሰራው ሚድታውን፣ መሀል ከተማ፣ ያለች ትንሽ የፊልም ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ የድሮ የሆሊውድ ፊልሞችን እናድሳለን፣ ድምፅ ከመምጣቱ በፊት የተሰሩትን። ብዙዎቹ ጠፍተዋል፣ ተቃጥለዋል፣ ተጥለዋል፣ ወይ ቆርቆሯቸው ውስጥ እንዳሉ ቀልጠዋል። አንዳንዴ አንዱ ከሞተ ሰው ጋራዥ ይገኝና የቆየ ካልሲ እየሸተተ ወደኛ ይመጣል። አለቃዬ ዳያን ስካን ታደርገዋለች፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ምስል በምስል እየሄድኩ ነጠብጣቡንና ጭረቱን እጠርጋለሁ። ቀን ቀን የጠፋ ፊት እመልሳለሁ፣ ቤት ገብቼ ከእማዬ ስልክ ላይ የጌቱን ፊት አጠፋለሁ። ይሄንን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ የባቡር ጣቢያ ሲን ላይ ነበርኩ። ዋናዎቹ ተዋናዮች ፊት ለፊት ይሰነባበታሉ፣ ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ አለች፣ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም፣ ወደ ጎን፣ ወደ ሐዲዱ ታያለች። ፊቷን ጠዋት አጽድቼ ጨርሻለሁ። ክፍላችን መስኮት የለውም፣ ዳያን ወጥታለች፣ የስካነሩ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው የሚሰማው። ትንሽ ቆይቶ ስካነሩ ከምሳ ጀምሮ እንደጠፋ ትዝ አለኝ። ጠቅታው ግን አላቆመም። ቀና ስል ሴትዮዋ ወደኔ ዞራለች።

የሆነ ነገር የነካሁ መስሎኝ ወደ ኋላ መለስኩትና እንደገና አጫወትኩት። ቀስ ብላ ትዞራለች፣ ታየኛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፣ እማዬ ኤርፖርቱ አጠገብ የፓርኪንግ ካሸር ናት፣ ልጅ ሆኜ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት መጥቼ እዚያው ውጭ ቁጭ እል ነበር፣ እሷ ከምትሰራባት ጠባብ ክፍል መስታወት ጀርባ ሆና «በላሽ?»፣ «ጃኬትሽን ዝጊ» ስትለኝ ድምፅ ሳይሰማኝ ከከንፈሯ አነበው ነበር። ከንፈር ማንበብ የምችለው በአማርኛ ብቻ ነው። ሴትዮዋ «የምትደብቂኝ ነገር አለ?» ነው ያለችኝ። እመኑኝ፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ዳያንን ጠራኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች መጥታ አየችና «ከመቶ ዓመት በላይ ሐዲዱን ስታይ ኖራለች፣ ላንቺ ብላ አትዞርም» አለች። እውነቷን ነው፣ አሁን ወደ ጎን ነው የምታየው። «ግን አፏን ለምን ተውሽው?» አለችኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ጠዋት ያጸዳሁት ፊት ላይ፣ አፏ ላይ ብቻ፣ ነጭ ነጠብጣብ ተቀምጧል፣ ሁሉም ምስል ላይ። ዋናውን ፊልም መብራት ላይ ዘርግተን አየነው፣ እሱ ላይ ምንም የለም። «ደክሞሻል ሃኒ፣ ቤትሽ ሂጂ» አለችኝ ዳያን፣ እሷም ብትሆን ግን ፋይሉን ከዚያ በኋላ አልከፈተችውም፣ እስካሁን እንደዚያው አለ።

መኪናዬ ለጥገና ገብታ ስለነበር ያን ሰሞን እማዬ ከሺፍት ስትወጣ በዚያው ትወስደኝ ነበር። ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ መስኮቷን ዘግታ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ወደ ጎን፣ ወደ መንገዱ እያየች ተቀምጣለች። ቅዳሜ፣ ሲነጋጋ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እያልኩ ሄድኩ። ልትነዳ መሪ የያዘች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም፣ ያንንም አውቃለሁ። እጄን በሩ ላይ ሳደርግ ቀስ ብላ ዞረች፣ አየችኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። ያንኑ ነው ያለችኝ።

እሷ ግን እስከ ዛሬ «እኔ አፌንም አልከፈትኩ፣ ዝም ብለሽ ነው የጀመርሽው» ትለኛለች፣ እማዬ ደግሞ አትዋሽም፣ ቤታችን ውስጥ የምዋሸው እኔ ነኝ።

በሩን አልከፈትኩትም። በመስታወቱ በኩል፣ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «አለ፣ እማዬ» አልኳት። «ሞተሩን አጥፊው። ጌቱ ሞቷል።»