ሁለት እኩል ዘንጎች

ሐጂ ጀላሉዲን ከአንበሳሜ ያስመጧቸውን የባሕር ዛፍ ግንዶች ሾፌሩ ጭቃውን ፈርቶ ከግቢው ታችኛው ጫፍ፣ ከጣና ዳር አራግፏቸው ሄደ። የግንድ መሰንጠቂያው ያለው ከግቢው ላይኛው ጫፍ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ሐይቁ ሞልቶ ግንዶቹ እስካሉበት ይደርሳል።

«ካላነሳናቸው ቦታውን እሸጠዋለሁ» አሉ ሐጂ። ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ሥራው ከብዷቸዋል፤ የቀን ሠራተኞቻቸውም ወደ ሕንፃ ሥራ ሄደዋል።

ልጃቸው ዘይነት ተወልዳ ያደገችው በዚያ ግቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስም ቢሮ አልፈልግም ብላ የተመለሰችው ወደዚያው ነው። መሐረቧን አጥብቃ ከገበያው ጀርባ ወዳለ የብረታ ብረት ሱቅ ሄደች።

ባለሱቁ ሰላህ ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር የሚተካከል፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ወጣት ነበር።

«ለግንድ ከሆነ ዲጅኖ ልስጥሽ?»

«ዲጅኖማ አለን። ያነሳል እንጂ አይዝም፤ ስትለቀው ግንዱ ተመልሶ እግርህ ላይ ነው።»

«ይኸንንማ እኔ ነበርሁ የምነግርሽ!» ብሎ ሳቀ።

ግንድን ከሁለት በኩል ነክሶ የሚያነሳ የብረት መቆንጠጫ አወጣላት። ገፋ አደረገችው። «ይኼ ለሸክም ነው። ተሸካሚ ደግሞ የለኝም።»

ከዚያ ከጥግ አንድ የእንጨት ዘንግ አመጣ። ከጫፉ አጠገብ ቆልማማ መንጠቆ ተንጠልጥሎበታል፤ መንጠቆው ግንዱን ሲነክስ ዘንጉን መግፋት ነው፣ ግንዱ ይንከባለላል። ዘይነት በእጇ መዘን መዘን አደረገችው፤ ወደደችው።

«መንጠቆው በግንዱ ልክ መሠራት አለበት» አለ ሰላህ። «ውፍረቱ ምን ያህላል?»

«አንድ እቅፍ ይሞላል።»

«የማን እቅፍ?»

«የኔ ነዋ።»

እጆቿን ዘርግታ አየሩን አቀፈች። ሰላህ ሲባጎ አንስቶ፣ ልብሷን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ በክንዶቿ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ለካ። አንዴ ለክቶ እንደገና ሲለካ አየችው። እሱም ማየቷን አየ።

«ኧረ እጄ ዛለ!» አለች በመጨረሻ።

«አፉ በይኝ» አለና አቀርቅሮ ሲባጎውን ጠቀለለ።

«ሁለት ሥራልኝ። ረጃጅም ይሁኑ።»

በሳምንቱ ራሱ ይዟቸው መጣ። ሁለቱም አጫጭር ነበሩ።

«ረጃጅም አላልሁህም?» ዘይነት ፊቷ ተለዋወጠ። «ሴት ናት፣ አትችልም ብለህ ነው?»

«በረጅሙ ስትገፊ እጅሽ ከራስሽ በላይ ይወጣል፤ ጉልበትሽ በከንቱ ያልቃል።»

«ታዲያ የኔን ብቻ አታሳጥርም? ሌላውን የሚገፋው እንዳንተ ረጅም ቢሆንስ?»

«የአንዱ ረጅም፣ የሌላው አጭር ሲሆን አንደኛው ጫፍ ይቀድማል፤ ግንዱ ይጠመዘዛል። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሰው እስክታገኚ ደግሞ እኔ አለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁን ከሰዓት እየዘጋ መጣ። እሷ ከአንዱ ጫፍ፣ እሱ ከሌላው ሆነው «አንድ፣ ሁለት፣ በል!» እየተባባሉ ይገፋሉ። እሷ ቀጥ ብላ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ። ማታ ሲሄድ ወገቡን ይዞ ነው።

ሐጂ ጀላሉዲን ከግቢው ሾላ ሥር ሆነው ይኼን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን ጠሩት።

«ልጄ፣ አንተ ወደ ሱቅህ ስትመለስ ከዚች ጋር ማን ይገፋል?»

ዘይነት እጇ ዘንጉ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰላህ መሬት መሬት እያየ፣ «እሱን እኔ ልመልሰው አይገባም፣ አባባ» አለ። ተሰናብቶ ሄደ። በማግሥቱም አልመጣም።

ዘይነት አልፈለገኝም ማለቱ ነው አለች በልቧ። ብቻዋን ልትገፋ ሞከረች፤ ግንዱ በአንድ ጫፉ ዞሮ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግን የሰላህ አጎት አብዱልበሲጥ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ያን ጊዜ ነው የመልሱ ምክንያት የገባት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጨዋ ልጅ በራሱ አንደበት አይመልሰውም፤ ሰው ይልካል።

«የኔ ፈቃዴ ነው» አሉ ሐጂ። «የቀረውን እሷን ጠይቁ።»

ዘይነት ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «የምንኖረው የት ነው?»

«ሙሽራማ ወደ ባሏ ነው፣ ልጄ» አሉ አብዱልበሲጥ። «ከሱቁ በላይ ጥሩ ክፍል አለው።»

«እንግዲያስ ይቅርብኝ።»

ዘይነት ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ተሰማትና ወደ ሐይቁ ወረደች። ሰላህ እዚያ ነበር፤ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ፣ ውሃው የነካውን ግንድ በድንጋይ ሲያስደግፍ።

«አንተ! ሽማግሌ ልኮ እዚህ የሚገኝ ማን አለ?»

«ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ውሃውም ጨምሯል። ምን አሉ?»

«አባዬ እሽ ብለዋል። እኔ እምቢ አልሁ።»

ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ። «እኔን?»

«ክፍሉን። ከዚህ ግቢ ወጥቼ አልኖርም።»

ሰላህ ትንፋሹን ለቀቀ። «ክፍሉን ያመጡት አጎቴ ናቸው። እኔ ቀን ሱቄ እውላለሁ፣ ማታ እዚህ እገባለሁ።»

«ሚስቱ ቤት ገባ ይሉሃል።»

«ይበሉ።»

ዓይን ዓይኑን አየችው። ቀልድ አልነበረበትም።

«በል፣ ግባና ንገራቸው።»

«እኔ? እነሱ ፊት?»

«አንተ።»

እግሩን በሐይቁ ታጥቦ ተከተላት።

«ሰላህ!» አሉ አብዱልበሲጥ ደንግጠው። «አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ሰላህ «እዚህ…» አለ። «እዚሁ… ከእሷ ጋር…»

ሐጂ ጀላሉዲን ጭቃ የለበሰውን ሱሪውን አዩ፤ ከኋላው ከንፈሯን ነክሳ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወገባቸውን ደገፍ አድርገው በአግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ጠጋ አሉ።

«ና» አሉት፣ «እዚህ ከኔ ጎን ተቀመጥ።»