የዶኛ ኤዱቪሄስ ጸሎት

በ፲፰፻፸ ዓ.ም.፣ የነሐሴ ብርድ በደቡብ አሜሪካ በላ ፕላታ ወንዝ አፍ ላይ በበረታበት ሰሞን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የመቶ አለቃ ኦሌጋሪዮ ፒንቶስ ስድስት ፈረሰኞች አስከትሎ ወደ ካርዳል የመብራት ግንብ ገባ፤ ገብቶም መብራቱን እየዞረ የሚከልለውን የብረት ጋሻ ገመድ በጎራዴው ቆረጠ።

መርከበኞች ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ሲል ካርዳል መሆኑን አውቀው ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ፤ ድርግም ካላለ ግን የማዶው ግንብ መስሏቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ አሸዋው ደለል ይነዳሉ።

«ያብሩት፣ እሜቴ፤ አይዙር ብቻ። የጠላት ጦር የጫነች መርከብ እየመጣች ነው» አለ ፒንቶስ።

የግንቡ ጠባቂ መበለቲቱ ዶኛ ኤዱቪሄስ ባሬቶ የመርከቧ መንገድ መሪ አንድ ልጃቸው ካሲያኖ መሆኑን ያውቃሉ፤ ፒንቶስ ግን ይህን አያውቅም።

«ክሩን የሚያስተካክል ከሌለ ይጠፋል፤ እላይ ልቀመጥ» አሉ።

«ይቀመጡ! እኛ የማቴ ሻያችንን እንጠጣለን። ስኳር የት ነው?»

«እንዳንተ ያለው እንግዳ ጨረሰው።»

ወታደሮቹ ሳቁ።

እላይ፣ የሟች ባላቸውን ጥቁር የሱፍ ካባ ደርበው በመብራቱና በባሕር በኩል ባለው መስተዋት መካከል ቆሙ፤ ካባውን እንደ ክንፍ እየዘረጉና እየሰበሰቡ ብርሃኑን ይከልሉና ይገልጡ ጀመር። የጋሻውን ዙር ጊዜ ባላቸው በጸሎት አስተምሯቸው ነበር፤ ሦስት «ሰላም ለኪ» ብርሃን፣ አንድ «ሰላም ለኪ» ጨለማ። ወታደሮቹ በየብስ በኩል ነበሩና ለእነርሱ ብርሃኑ ድርግም አላለም።

«እሜቴ! ለማን ነው ይሄ ሁሉ ጸሎት?»

«ለሚሰጥሙት!»

«እንግዲያው ጠበቅ ያድርጉት፤ ብዙ ናቸው!»

ከኋላቸው የመብራቱ ወላፈን ጀርባቸውን ይለበልባል፤ ከፊታቸው የመርከቧ ፋኖስ እየቀረበ ነው። በጨለማው ተራ «ልጅሽ» ከሚለው ቃል ሲደርሱ ድምፃቸው ይያዛል፤ ካባው እንደተዘረጋ ይቆያል፤ እንደገና ይጀምራሉ። ፋኖሱ ቆመ፤ ወላወለ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ታጠፈ።

ፒንቶስ የእንጨት ስብራት ድምፅ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልሰማም፤ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ካባው ተጣጥፎ ወንበር ላይ ነበር።

«መርከቧስ?»

«እኔ ስጸልይ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ልጄ።»

በወደቡ መዝገብ ስለዚያ ምሽት የሰፈረው ይህ ብቻ ነው፦ «የካርዳል መብራት ጨለማው ከደንቡ ረዝሟል፤ ጠባቂዋ እናቴ ቢሆኑም ይገሠጹ። መንገድ መሪ ካሲያኖ ባሬቶ።» ካሲያኖ እውነቱን የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው፤ መዝገቡ ግን አልታረመም። ዶኛ ኤዱቪሄስም ይታረም አላሉም፤ ከወደቡ የደረሳቸውን የተግሣጽ ወረቀት፣ የሕያው ልጃቸው እጅ ጽፎታልና፣ ጀርባው በተቃጠለው ካባ ጠቅልለው እስኪሞቱ አኖሩት።