ያዛጋው ተሳፋሪ

መጀመሪያ ያዛጋው አሻግሬ ነው። አፉን ቧ አድርጎ ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ሃዋዋዋ» ብሎ ሲጨርስ ማን እንዳየው ዙሪያውን ቃኘ። ወዲያው ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ተከተሉት። ከዚያማ ማን ይመልሰው! ማዛጋቱ ሰባተኛ ክፍልን እንደ ጉንፋን አዳረሰው።

መምህር አድማሴ ያን ጊዜ ኅብረተሰባዊነት ምን እንደሆነ በማስረዳት ላይ ነበሩ። ቃሉን እሳቸውም በሬዲዮ ከሰሙት ገና ሳምንቱ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ ጽፈው ሁለት ጊዜ አጥፍተውታል። ፊታቸውን ወደ ተማሪው ሲያዞሩ ያዩት አርባ የተከፈተ አፍ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው። «ሰፊው ሕዝብ ነቃ በሚባልበት ሰዓት እናንተ ታዛጋላችሁ? ይሄ የአድኃሪ ጠባይ ነው! ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ሜዳውን ትጠርጋላችሁ!» ከዚያ ዓይናቸው መስኮቱ ሥር አፉን ገጥሞ በተቀመጠው ልጅ ላይ አረፈ። «ከጀብሪል በቀር። ጎበዝ ጀብሪል! አንድ የነቃ ሰው እንኳ አላጣሁም።»

ጀብሪል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የማዛጋቱን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የራሱ ምላስ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቱ መለሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የእናቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናቱ የጀብሪልን አባት ስታገባ ሰለመች፣ መለሰ ግን ማተቡን አንገቱ ላይ እንዳሰረ አለ፤ በበዓል በበዓሉ ሁለቱም ቤት እየበላ። ባለፈው ሰኔ፣ የመካነ ሰላም መንገድ በጭቃ ከመዘጋቱ በፊት፣ ጀብሪልን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ በወረኢሉ በኩል አዲስ አበባ ይዞት ሄደ። የዚያ ክረምት አዲስ አበባ ሲጮህ የሚውል ከተማ ነበር። ዛሬ ተማሪው ይጮሃል፣ ነገ የታክሲ ነጂው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ካህናቱ ሳይቀሩ ተሰልፈው ደመወዝ ይጨመርልን ይላሉ።

አንድ እሑድ ሁለቱ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ የሕዝብ ጩኸት ሰሙ።

«ጋሼ፣ ሰላማዊ ሰልፍ ነው?» አለ ጀብሪል።

«ይመስለኛል። እስቲ ጥያቄያቸው ምን እንደሆነ እንስማ።»

ገብተው ቢያዩ ማንም ምንም አይጠይቅም። ከጣሊያን አገር የመጡ ሰዎች ሜዳውን ሙሉ መጫወቻ ተክለውበታል። እዚህ ወንበር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል፣ እዚያ የእንጨት ፈረስ ይዞራል። ከሁሉ በላይ ግን፣ በብረት ሐዲድ ላይ ወደ ሰማይ የሚወጣና ከዚያ ሽምጥ እየጋለበ ቁልቁል የሚወርድ ትንሽ ባቡር አለ። የሚጮኸው እሱ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ከፍሎ ነው የሚጮኸው! ጀብሪል በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

«ይሄማ የሕፃን ጨዋታ ነው» አለ መለሰ፤ «እኔ የወረኢሉን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የወረድኩ ሰው!» ሁለቱም ተሳፈሩ።

ባቡሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ጀብሪል ከዚያ ሆኖ አዲስ አበባን በሙሉ አያት። ከዚያ አዲስ አበባ ከሥሩ ጠፋች።

«ድረሽ ማርያም!» ብሎ ጮኸ ጀብሪል። የጨው ነጋዴው የሐጂ አራጌ ልጅ! ከየት እንዳመጣው እሱም አላወቀም። «ድረሽ ማርያም! ኧረ ድረሽ!» ከጎኑ ደግሞ መለሰ ማተቡ ከአንገቱ ወጥቶ ጆሮው ላይ እየተንጠለጠለ፣ ብረቱን በሁለት እጁ እንዳነቀ፣ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላል። ጩኸታቸው ሌላውን ተሳፋሪ ስላስደነገጠው ጣሊያኑ ባቡሩን ገና በመጀመሪያው ዙር አስቁሞ ሁለቱን እየደገፈ አወረዳቸው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውኃ ጠጡ።

«ይሄ ነገር ከዚህ አይወጣም» አለ በኋላ መለሰ።

«ወላሂ አይወጣም» አለ ጀብሪል።

ባይወጣ ደግ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ግን ጀብሪል ስለ ባቡሩ ሲያወራ አሻግሬ ክፍሉ ሙሉ እየሰማ፣ «ፈራህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀዋ! አሻግሬ ከጀብሪል ቤት አጥር ለአጥር የሚኖር ጓደኛው ነው፤ አንድ ጊዜ ካሾፈብህ ደግሞ እስከ ፋሲካ አይተውህም።

«ምኑ ያስፈራል?» አለ ጀብሪል። «እኔማ እንዲያውም አዛጋኝ።»

«አዛጋኝ?»

«አዛጋኛ! ድምፅ ያሰማን ሰውማ አስቁመው ያወርዱታል።» ይቺ እንኳ እውነት ናት፤ በደንብ ያውቃታል።

አሻግሬ ነገሩን በወሬ የሚተው ልጅ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ቁልቁለት ላይ የራሳችንን የሽምጥ ባቡር እንሥራ ብሎ ተነሣ። ልጆቹ ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጠው፣ ልጣጩን ገፈው፣ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን እያጋደሙ ከላይ እስከ ታች ቀጣጠሉት። የተላጠ ባሕር ዛፍ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። ለባቡርነት የተመረጠው የአሻግሬ እናት የእትዬ ብርሀንነሽ ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ገበቴ ነው፤ እሳቸው ግን ስለ ሹመቱ ገና አልሰሙም። ከታች መውደቂያው ላይ የገብስ ጭድ ቆልለዋል። ዘንድሮ ዝናቡ ስለማረን ጭዱም ተገኘ። አምና ይኸው ሜዳ ረሃቡ ከቆላ ያፈናቀላቸው ሰዎች የሰፈሩበት ነበር፤ ትምህርትም ለወራት ተዘግቶ፣ ክፍሎቹ በሽተኛ ተኝቶባቸው ነበር።

አልታየች ያኔ ከመጡት አንዷ ናት። የእትዬ ብርሀንነሽ የእህት ልጅ ስትሆን፣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጋ ሲወጡ እናቷን መንገድ ላይ ቀብራ ብቻዋን ደረሰች። አሁን አሻግሬ ቤት ትኖራለች፣ አብራውም ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። ጠይቀዋት ካልሆነ አትናገርም፤ ጠይቀዋትም አጭር ነው መልሷ። ስለዚህ አሻግሬ፣ «መጀመሪያ ቀለል ያለ ሰው ይውጣ፤ ማነው የሚወጣ?» ሲል እጇን ስታወጣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«እኔ» አለች።

«ማዛጋት ትችያለሽ?»

አዛጋች። ከሁሉም የተሻለ አዛጋች፤ አሻግሬ እንኳ አልደረሰባትም። እንደ ጀብሪል እያዛጉ ለመውረድ የሚደረገው ልምምድ ታዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እስከ መምህር አድማሴ ክፍል ድረስ የዘለቀው።

ከሰዓት በኋላ የተቀጡት ሜዳውን ሲጠርጉ ጀብሪል ማንም ሳያዘው መጥረጊያ አንሥቶ ተቀላቀለ። አልታየች አጠገብ ደረሰና ጎንበስ አለ።

«ቅዳሜ በገበቴው መውረዱ… ካልፈለግሽ እኮ ይቀራል።»

«እፈልጋለሁ።»

«ካስፈራሽስ?»

መጥረጊያዋን አቆመች። «ያስፈራል አላልክም እኮ።»

ጀብሪል አቧራ የገባበት መስሎ ዓይኑን አሸ።

«ቢያስፈራም ዝም እላለሁ» አለች አልታየች። «ዝም ማለት አውቅበታለሁ። እናቴን ስንቀብርም ዝም ብዬ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ አሉኝ።» ይህን ብላ መጥረጓን ቀጠለች።

ጀብሪል የዚያን ቀን እራቱ አልወረደለትም። እናገር ይልና የአሻግሬ ሳቅ ይታየዋል። ልተወው ይልና ያቺ ልጅ አፏን ጨምቃ ገበቴ ውስጥ ተቀምጣ ትታየዋለች። ደግሞ ማርያምን መጥራቱ! አባቱ ቢሰሙ አይቆጡም፤ እሱ ነው የባሰው፤ ለገበያተኛው ሁሉ እየተረኩ ይስቁበታል። ምነው ቅዳሜ ዝናብ ቢዘንብ ብሎ ዱዓ አደረገ። በታኅሣሥ!

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ግማሹ ክፍል ቁልቁለቱ አናት ላይ ተሰብስቦ ግንዱን ውኃ ያጠጣል። አሻግሬ ገበቴውን በገመድ አስሮ፣ ገመዱን ጉቶ ላይ ጠምጥሞ ይዟል። ይሄን ጊዜ ከገበያው በኩል የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ። የእርዳታ ስንዴ ይዞ የመጣ መኪና ነው፤ ሹፌሩም መለሰ ነው። ስንዴው እስኪራገፍ የልጆቹን ግርግር አይቶ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ቁልቁለቱን ሊያይ መጣ። 

«እሰይ! እማኙ መጣ!» አለ አሻግሬ። «ጋሼ መለሰ፣ እውነቱን ይንገሩን። ጀብሪል ባቡሩ ላይ አዛግቷል ወይስ ውሸቱን ነው?»

መለሰ የእህቱን ልጅ አየው። ጀብሪል መሬት መሬት ያያል። መለሰ ግንዱን አየ፣ ገበቴውን አየ፣ የተሰበሰበውን ልጅ አየ፤ ከዚያ ደረቱን ነፋ።

«ማዛጋት ብቻ?» አለ። «አንቀላፍቶ ነበር እንጂ! ‹ኧረ ተነሥ ደረስን› ብዬ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። እኔማ ሲጋራዬን እያጨስኩ ነበር።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። አሻግሬ እንኳ ራሱን ነቅንቆ፣ «አቦ ይመችህ!» ብሎ የጀብሪልን ትከሻ መታ። አለቀ። ከእንግዲህ ጀብሪልን የሚያጋልጠው ሰው በአገሩ የለም። ደስ ሊለው ሲገባ ምንም ደስ አላለው።

አልታየች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ገበቴው ውስጥ ተቀመጠች። ቁልቁል አየች። ከዚያ እንደተባለችው አዛጋች፤ ግን ማዛጋቱ መሃል ላይ አገጯ ተንቀጠቀጠና አፏን በቶሎ ዘጋች። ከንፈሯ እስኪነጣ ድረስ ዘጋችው። ከጀብሪል በቀር ያየ የለም።

«ቆይ!» አለ ጀብሪል።

«ምን ሆንክ ደግሞ?» አለ አሻግሬ።

«አላዛጋሁም።» ድምፁ ስለቀጠነ ደግሞ ተናገረው። «አላዛጋሁም። ጮኼ ነው። እንደ እብድ ነው የጮኽኩት። ባቡሩን አስቁመው ያወረዱት እኔን ነው።»

አንዱ፣ «ምን ብለህ ጮኽክ?» አለ። ይሄ ጥያቄ እንደማይቀር ያውቅ ነበር።

«ድረሽ ማርያም ብዬ።»

ሳቁ ቁልቁለቱን ሞላው። አሻግሬ ገመዱን እንዳይለቅ ጉቶውን አቅፎ ሳቀ። «አንተ? ማርያምን? ኧረ በሞቴ!»

«እናትህ እንቅፋት ሲመታቸው የሚሏት ናት! በአጥራችሁ ተሻግራ ነው የገባችብኝ፤ እኔ ምን ላርግ?»

«ጋሼ መለሰስ ታዲያ ምን ነበር የሚሉት?» ብሎ ጠየቀ ሌላው፣ እንባውን እየጠረገ።

ጀብሪል አጎቱን ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ የራሱን ይናገር። እኔ ምያለሁ።»

መለሰ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ያ ረቢ እያልኩ ነበር» አለ። «ምን ታዩኛላችሁ? ማርያምን እሱ ያዘብኝ!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። አሻግሬ ግን ድንገት ነገር ገባው። «ቆይ እንጂ! ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ያዛጋነው በከንቱ ነው? አድኃሪ ተብለን ሜዳ የጠረግነውስ?»

አልታየች አልሳቀችም። ገበቴው ውስጥ እንዳለች ጀብሪልን ትኩር ብላ ታየዋለች።

«እንግዲያው መጮህ ይቻላል?» አለች።

«ይቻላል። ሁሉም ነው የሚጮኸው። ሌላ ሥራ የለውም።»

ትንሽ አሰበች። «ማንን ልጥራ?»

 አሻግሬ አንገቱን ደፋ። መለሰ ወደ መኪናው ዞር አለ። ሰው ሲጨንቀው እናቴ ዋ ነው የሚለው፤ ይቺ ልጅ ደግሞ እናቷ የት እንዳለች ሁሉም ያውቃል።

ጀብሪል ጫማውን አወለቀ። ገበቴው ውስጥ ገባ፣ ከፊቷ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጋጠመ። ቁልቁለቱ ከገበቴው ውስጥ ሲያዩት ቆመው ሲያዩት እንደነበረው አይደለም፤ ገደል ነው።  ቢሆንም ከገበቴው መውጣት አላሰበም።

«እኔን ጥሪኝ» አለ ሳይዞር። «እዚሁ ከፊትሽ ነኝ።»

«ጆሮህ አጠገብ ነኝ እኮ። ይደነቁራል።»

«ይደንቁር።»

የአልታየች እጆች ትከሻውን ያዙት። ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«አሻግሬ፣ ልቀቀው» አለች።

ገበቴው ገና ሳይንቀሳቀስ የጀብሪልን ስም ጮኻ ጠራች።